የልጄን ክንድ የለቀቅሁበት የዳንግላ ጉዞ

ማክሰኞ ማለዳ ከግምጃ ቤት ከተማ የተነሳሁት ልጄን ትሁትን ዳንግላ ላለች የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ለማሳየት ነው። ትሁት አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አጥንቷ ከውልደቷ ጀምሮ በትንሽ በትልቁ ይሰበራል። ዘንድሮ ደግሞ ወገቧ ወደ ቀኝ አዘንብሎ፣ ስትቆም ትንገዳገድ ጀመር። ብትወድቅስ እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ሚኒባስ ስንሳፈር አንድ ደግ ገበሬ ሊያግዛት እጁን ብብቷ ውስጥ ሲከት ጮህኩበት።

«ምን አጠፋሁ እቴ?»

«በብብቷ አይያዟት፣ ትሰበራለች!»

ሰውዬው እጁን ሰበሰበ። እኔም አፈርኩ፤ ለደግነቱ የከፈልኩት ቁጣ ነበር። ትሁት ግን እስከ እንጅባራ አኮረፈችኝ። ጎማው ጉድጓድ በነካ ቁጥር ቀኝ ክንዷን አጥብቄ እይዛለሁ።

እንጅባራ

ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። መንገድ ዳር የቀርቀሃ ወንበሮች ተደርድረዋል። መኪና እስክንቀይር ትኩስ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ በላን። ትሁት አንዱ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስታየኝ ጀርባዋ ጎብጦ ታየኝና ድንቹን ሳልጨርስ አስቀመጥኩት። አዲስ ቅዳም ከተማን ስናልፍ የከሰል ማዳበሪያዎች አስፋልቱን ተከትለው ቆመዋል፤ እኔ ግን የማየው የልጄን ወገብ ነው።

ዳንግላ፣ አምስት ሰዓት

ባለሙያዋ ትሁትን በሁለት ወንበሮች መካከል አቁማ፣ ሳትነካት አጠገቧ ቆመች። ከዚያ የትሁትን ቀኝ ክንድ ወደያዝኩት ወደ እኔ ዞረች።

«እስኪ ይልቀቋት።»

«ብትወድቅስ?»

«እኔ አለሁ። ሁልጊዜ በቀኝ በኩል ነው የሚይዟት?»

«አዎ።»

«ወደ እርስዎ ማዘንበል ለምዳለች። ሰውነቷ ሚዛኑን ራሱ እንዲፈልግ ጊዜ ይስጡት።»

ለቀቅኋት። ትሁት ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አለች፤ ከዚያ ቀስ ብላ ቀና አለችና ቆመች። አላቀስኩም ብል ውሸት ነው።

መልስ

ሳይመሽ ግምጃ ቤት ስንወርድ አጎቴ አያ ጌትነት ፈረሳቸውን ሸልመው ቆመው ጠበቁን። በእኛ አገር ፈረሰኛ ልጅን የሚቀበለው በብብቷ አንስቶ ኮርቻ ላይ በማስቀመጥ ነው። ትሁት ብቻ ይህ አልደረሳትም። አያ ከደስታቸው ብዛት ስብራቷን ረሱትና እጃቸውን ዘርግተው መጡ።

ልጮህ አፌን ስከፍት ትሁት ቀደመችኝ።

«አያ፣ አይያዙኝ። ክንድዎን ይስጡኝ፣ እኔ ልያዝዎት።»

አያ ደንገጥ ብለው ክንዳቸውን አቀረቡላት። ያዘችና ቀና ብላ ቆመች።

ልጄን ከስብራት ስጠብቅ መቆምን እንደነፈግኋት የገባኝ በዚህ ጉዞ ነው። ፍርሃቴ ዛሬም አለ። ሁለቱ ቀስ እያሉ ወደ ቤት ሲሄዱ፣ እጆቼን ነጠላዬ ውስጥ ከትቼ ከኋላ ተከተልኳቸው።