ውሻ ፈሪዋ ፍየል አርቢ

ሰፈሩ «እትዬ ወተት» ይላታል። ባሏ ሞቶ ልጆቿም ከቤት ከወጡ ወዲህ ሃያ ሦስት ፍየሎች እያረባች፣ ወተቱን ጠዋት ጠዋት በየቤቱ ስለምታደርስ እውነተኛ ስሟን የሚጠራ የለም። ምላሷ የሚፈራ ሴት ናት፤ ከነጋዴም ከሹፌርም ጋር ስትሟገት የሚረታት አልተገኘም። ውሻ ካየች ግን አለቀላት። በሰባት ዓመቷ የጎረቤት ውሻ ባቷን ዘንጥሏት ስለነበር፣ ከሩቅ ሲጮኽ እንኳ እግሯ ይተሳሰራል።

አንድ ማለዳ የበረቱን በር ስትከፍት ፍየሎቹ ጥግ ላይ ተፋፍገው ቆመዋል። አንዷም ድምፅ አታሰማም። ያ ሁሉ ፍየል ዝም ሲል አይታ አታውቅም ነበር። ከግድግዳው ሥር ቆርቆሮው ተገንጥሏል። ብዙ ወተት ከምትሰጣት ከዳለቻዋ ፍየል የቀረው አንድ ቀንድና ደም የነካው ገመድ ብቻ ነው። በሳምንቱ ደግሞ በጠራራ ፀሐይ፣ ግጦሽ ላይ፣ እሷ ሠላሳ እርምጃ ርቃ ቆማ ሳለ ቁጥቋጦው ተንኮሻኮሸ፤ ዘወር ስትል አንዱ ግልገል የለም።

የእንስሳት ሐኪሙ መጥቶ ዱካውን አጎንብሶ አየ። ወጣት ነው፤ ከእናቱ እኩል ያከብራታል።

«ጅብ ነው እትዬ። ያውም አንድ አይደለም።»

«ቆርቆሮውን አጠናክረዋለሁ።»

«ግጦሽ ላይስ? ቆርቆሮ ተሸክመው ሊወጡ ነው?»

«ታዲያ ምን ይሁን ትላለህ?»

«ውሻ።»

እትዬ ወተት ሳቀች። እሱ እንዳልሳቀ ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ። «እኔስ ከጅቡ ጋር ብታረቅ ይሻለኛል» አለች።

ሥጋ ሻጩ ታላቅ ወንድሟ ይህን ሲሰማ አላዘነላትም። «ወይ ውሾቹን ተቀበይ፣ ወይ ፍየሎቹን ዛሬውኑ አምጪልኝና አርጄ ልገላግልሽ» አላት። ቢላዋውን እየሳለ ስለነበር ቀልዱ አላሳቃትም።

ሐኪሙ ከአንድ በግ አርቢ ዘንድ ሁለት የሁለት ወር ቡችሎች በሳጥን ይዞ መጣ። የበረቱን አንድ ጥግ በሳንቃ ከለለው፤ ፍየሎቹ በክፍተቱ አፍንጫቸውን አሾልከው እንዲያሸቷቸው።

«ቤት አያስገቧቸው። እዚሁ ይብሉ፣ እዚሁ ይተኙ። ፍየሎቹን እንደ ዘመድ ቆጥረው ማደግ አለባቸው።»

«ቢረግጧቸውስ?»

«ትንሽ ይረገጡ፤ ሥርዓት ይማራሉ።»

ወንድሟ ወንዱን «ሻለቃ»፣ ሴቷን «ዳኛ» ብሎ ሰየማቸው። እሷ ግን ስም መጥራቱም ይከብዳት ነበር። የምግብ ሳህናቸውን በመጥረጊያ እንጨት እየገፋች፣ በክንድ ርቀት ነበር የምታቀርብላቸው። እነሱ ደግሞ የእሷን ፍርሃት ማን ነግሯቸው፣ ጭራቸውን እየቆሉ በሳንቃው ላይ ይንጠላጠሉ ነበር።

በስምንት ወራቸው ወገቧ ላይ ደረሱ። አንድ ቀን ወተት አድርሳ ስትመለስ ሻለቃ አንዱን ግልገል በእግሩ ደፍጥጦ ጆሮውን ሲያኝክ አገኘችው። ጆሮው ደም በደም ሆኗል። በሩን ከውጭ ጠርቅማ ስልክ ደወለች።

«ደም ቀምሷል! ከእንግዲህ አይመለስም! ሁሉንም ይጨርስልኛል!»

«ጨዋታ ነው እትዬ፤ ጎረምሳ ሆኖ ነው። መጣሁ።»

መጥቶ ሻለቃ ለመሮጥ እንዳይመቸው አንገቱ ላይ እንጨት አንጠለጠለበት፤ ከግልገሎቹም ለይቶ ከሽማግሌው አውራ ፍየል ጋር አኖረው። ሻለቃ ሊጫወትበት ሲሞክር አውራው እየወጋ ከግድግዳ ጋር አላተመው። ከሁለት ወር በኋላ ሻለቃ ቀንድ ሲያይ አንገቱን የሚደፋ ጨዋ ሆነ። እትዬ ወተት ግን አላመነችውም። በረት ስትገባ ዓይኗ ከጥርሱ ላይ አይነሳም ነበር።

ጅቦቹ ጉም በወረደበት ጠዋት መጡ። ፍየሎቹ ገና መጋጥ ሳይጀምሩ ዳኛ ቀጥ አለች፤ ፀጉሯ እስከ ጭራዋ ቆመ። ከጉሙ ውስጥ ሦስት ጥላዎች እያነከሱ ወጡ። እትዬ ወተት ፍየሎቹ መሀል ወደቀችና የአውራውን ቀንድ ጨመደደች። ዳኛ መንጋውን እየዞረች ትጮኻለች፤ ሻለቃ ብቻውን ወደ ጉሙ ገባ። ከዚያ በኋላ የሰማችው ማጓራት፣ የጥርስ ግጭትና አንድ ረጅም ጩኸት ነው። የማን ጩኸት እንደሆነ አላወቀችም።

ዝም ሲል ሻለቃ ተመለሰ። ትከሻው ተገሽልጦ ሥጋው ይታያል። ወደ እሷ አልመጣም፤ ፍየሎቹ መሀል ገብቶ ተኛ። ከፍየሎቹ አንድም አልጎደለም።

ሐኪሙ በሞተር ሳይክል ደርሶ መርፌውን አዘጋጀ። «የያዝኩት ማደንዘዣ ቁስሉን ያደነዝዛል እንጂ እሱን አያስተኛውም። ጭንቅላቱን የሚይዝ ሰው እፈልጋለሁ።»

«ወንድሜን ልጥራ።»

«ወንድምዎን ያን ያህል አልለመዳቸውም። የሚያውቀው እርስዎን ነው።»

ሻለቃን ከመጣ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ነክታው አታውቅም። መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ያ ከባድ ጭንቅላት ጭኗ ላይ አረፈ። ትንፋሹ ሆዷን ያቃጥላታል። መርፌው ሲገባ አጓራ፤ ማጓራቱ በአጥንቷ ውስጥ አለፈ። ያገኘችውን ትለፈልፍ ጀመር፦ «አንተ ባለጌ፣ ማን ሂድ አለህ? ሦስት ናቸው እኮ! መቁጠር አትችልም? አንተን ብሎ ሻለቃ!»

ስምንተኛው ስፌት ላይ ዞሮ የእጇን አንጓ ጎረሰው።

«አይንቀሳቀሱ» አለ ሐኪሙ በሹክሹክታ።

አልተንቀሳቀሰችም፤ ብትፈልግም አትችልም ነበር። የልጆቿን ስም በልቧ ጠራች። ጥርሶቹ ቆዳዋን ጫን ብለው ቆዩ። ከዚያ አፉ ቀስ ብሎ ተከፈተና ምላሱ የእጇን ጀርባ ላሰ። ስፌቱ ሲያልቅ እሷን ከመሬት ያነሳት ሐኪሙ ነው።

ሻለቃ ዳነ፤ ትንሽ ያነክሳል። ጅቦቹ ዛሬም ከሸለቆው ማዶ ይጮኻሉ፤ ከበረቱ ግን አልተጠጉም፤ ከዚያ ወዲህም ፍየል አልጠፋም። ወንድሟ «አሁንም ትፈሪዋለሽ?» ሲላት «ታዲያስ! አፉን ከውስጥ ያየሁት እኔ ነኝ እኮ» ትለዋለች።

አሁን ዳኛ ከሌላ በግ አርቢ ውሻ አርግዛለች፤ ከሸለቆው ማዶ ያሉ ሁለት ፍየል አርቢዎችም ቡችላ ይሰጠን ብለው ከወዲሁ ለምነዋል። እትዬ ወተት እሺ ብላለች። ቡችሎቹን ከእናታቸው ሥር ማን እንደሚያነሳቸው ስታስብ ግን ያንን የመጥረጊያ እንጨት ከአሁኑ ትፈልጋለች።