ወደ ሳንድሆልም የሄደው ብስክሌተኛ

ቤሪል ብሌንኪን ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ጠጉር ስትቆርጥ ኖራለች። ሱቅ ግን አልነበራትም። መቀሷን፣ ማበጠሪያዋንና ፎጣዋን በብስክሌቷ ቅርጫት ይዛ ባሕር ዳር ካለው ከኬልዊክ መንደር እየተነሳች በየእርሻ ቤቱ ትዞርና ሰውን በገዛ ወጥ ቤቱ ወንበር ላይ አስቀምጣ ትሠራለች። የዚያን አገር ሰው ከፊቱ ይልቅ በማጅራቱ ነበር የምታውቀው። ጣቶቿን ቁርጥማት ይዟቸው መቀስ አልጨብጥ ሲሏት ሥራውን ተወችው፤ ብስክሌቱን ግን አልተወችም።

ባሏ ኖርማን በሕይወት ሳለ ይስቅባት ነበር።

"አንቺ ሴትዮ፣ ሥራሽን ለቀሻል እኮ! በዚህ ማለዳ ማን ጋ ነው የምትሄጂው?"

"ማንም ጋ" ትለዋለች።

እውነቷን ነበር። ዕድሜ ልኳን አንድ ቤት ስትደርስ ሌላው ቤት እየጠበቃት ኖራለች። አሁን ማንም አይጠብቃትም። ስትፈልግ ትቆማለች፣ ስትፈልግ ወርዳ እየገፋች ዳገቱን ትወጣለች፣ እንጆሪ መሳይ ዱር በቀል ፍሬ ካየች ከአጥሩ ለቅማ ትበላለች። ኖርማን ከሞተ በኋላማ ቤቱ ጭር ስለሚልባት ጎህ ሲቀድ ሻይዋን በፔርሙስ ሞልታ መውጣት ልማድ ሆነባት።

ያቺ ጧት በመከር ወራት መጨረሻ ላይ የዋለች ነበረች። ገብሱ ታጭዶ ማሳው ራቁቱን ቀርቷል። ከቤት ስትወጣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ድልድዩን ስታልፍ ግን ከባሕሩ በኩል ጉም ተነሳ። እዚያ ዳርቻ ላይ ጉም እንዲህ ነው፤ ሳይነግር ይመጣል። መጀመሪያ ዛፎቹን ዋጠ፣ ቀጥሎ አጥሩን፣ በመጨረሻም የፊት ጎማዋንና ከፊቷ ያለችውን ቁራጭ አስፋልት ብቻ ተወላት።

ቤሪል አልደነገጠችም። መንገዱን ዓይኗን ጨፍና ታውቀዋለች። ቀስ ብላ ፔዳሉን እየረገጠች የብስክሌቷን ካቴና ድምፅ ታዳምጥ ጀመር። ወፍ አይሰማም። ወትሮ የሚጮኹት የሃርግሬቭ እርሻ አሳማዎች እንኳ ጸጥ ብለዋል። አየሩ ጨው ጨው ይላል፤ የሹራቧ እጅጌ ላይ ጤዛ እንደ ዶቃ ተደርድሯል።

መገንጠያው ጋ ስትደርስ ከፊቷ ሰው አየች።

ብስክሌተኛ ነው። መብራት የለውም፤ ደወልም አያሰማም። ጉሙ ሲሳሳ ጀርባው ይታያል፣ ሲወፍር ይጠፋል። ጉልበቶቹ በዝግታ ከፍ ዝቅ ይላሉ። ቤሪልን ግር ያሰኛት ድምፁ ነበር፤ ማለት ድምፅ አለመኖሩ። የእሷ ጎማ በእርጥቡ መንገድ ላይ ይንሿሿል፤ የእሱ ጎማ ግን አይሰማም።

"እንደምን አደሩ!" አለች ጮክ ብላ።

ሰውዬው ዞር አላለም። መገንጠያው ላይ ወደ ቀኝ ታጠፈ።

ቤሪል ፍሬኗን ያዘች። የቀኙ መንገድ ወደ ሳንድሆልም ነው፤ ሳንድሆልም የሚባል መንደር ደግሞ ከጠፋ ቆይቷል። የዚያ ዳርቻ አፈር ልል ነው፤ ባሕሩ በየብርዱ ወራት ከማሳው እየገመጠ ይወስዳል። ቤተ ክርስቲያኑ ሄደ፣ መጠጥ ቤቱ ሄደ፣ ቤቶቹም አንድ በአንድ ሄዱ። የቀረው መንገዱ ብቻ ነው። እሱም ገደሉ አፋፍ ላይ በቢላ እንደ ተቆረጠ ዳቦ ያበቃል።

"አንተ ሰውዬ! በዚያ መንገድ የለም!" ብላ ተጣራች።

ጉሙ ለአፍታ ገለጥ አለ። ያኔ ከቆቡ በታች ያለውን ማጅራት አየችው። በመካከሉ ሁለት የጠጉር ሽክርክሪት ነበረው፤ አንዱ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ የሚዞር። ስንት ዓመት ማበጠሪያዋን ያስቸገረ ሽክርክሪት! ዊልፍ ሜድፎርዝ ናቸው። ሳንድሆልም ተወልደው ያደጉ፣ ቤታቸው ባሕር ከገባ ወዲህ ልጃቸው ሎሬን ጋ የሚኖሩ፣ አሁን ደግሞ አእምሯቸው እየደከመ የልጃቸውን ስም እንኳ የሚረሱ ሽማግሌ።

ቤሪል ተከተለቻቸው። ያላትን ጉልበት ሁሉ አውጥታ ረገጠች፤ ግን አልደረሰችባቸውም። እሳቸው አይቸኩሉም፤ እሷ ታለከልካለች፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ግን ያው ነው። የባሕሩ ጉርምርምታ ከታች መሰማት ጀመረ። "ሚስተር ሜድፎርዝ! ይቁሙ እንጂ! በእግዜር ይሁንብዎ!" እያለች ጮኸች።

በድንገት የፊት ጎማዋ ከእንጨት አጥር ጋር ተላተመ። ሰዎች ወደ ገደሉ እንዳያልፉ የተሠራው አጥር ነው። አንድ ብስክሌት አጥሩ ላይ ተደግፏል። ሽማግሌው ግን ከአጥሩ ወዲያ፣ ሣሩ ላይ ቆመዋል። የሌሊት ልብስ ለብሰዋል፤ አንድ እግራቸው ነጠላ ጫማ አድርጓል፣ ሌላው ባዶ ነው። ከፊታቸው ነጭ ጉም እንጂ ምንም የለም።

"ጮክ አትበይ" አሉ ሳይዞሩ። "አባቴን ትቀሰቅሺዋለሽ።"

"ሚስተር ሜድፎርዝ፣ ቤሪል ነኝ። ጠጉር ቆራጯ። ወደ እኔ ይምጡ።"

ዞረው አዩዋት። ፊታቸው ፈገግ አለ። "ኔሊ! ምነው እህቴ፣ በአንድ ሌሊት እንዲህ ሸበትሽ?"

ኔሊ ታላቅ እህታቸው ነበረች፤ ከሞተች ብዙ ዘመኗ ነው። ቤሪል እውነቱን ብትነግራቸው ጀርባቸውን ሰጥተዋት እንደሚሄዱ ገባት።

"ያንተ ነገር ነዋ ያሸበተኝ!" አለች። አንተ ስትላቸው የመጀመሪያዋ ነው። "በባዶ እግርህ ወዴት ነው?"

"ቤት ነዋ። እማዬ ቁርስ አቅርባለች። አይሸትሽም?"

ሸተታት። ይህን ነገር ቤሪል በኋላም ቢሆን ለመካድ አልሞከረችም። የአሳማ ሥጋ ከሽንኩርት ጋር ሲጠበስ የሚሸተው ሽታ፣ ከዚያ ከባዶው ጉም ውስጥ፣ ሞቅ ብሎ መጣ። ቀና ስትል ደግሞ መብራት አየች። ቢጫ፣ አራት ማዕዘን፣ በመሐሉ መስቀለኛ እንጨት ያለው። መስኮት ነው። ወለል በሌለበት፣ ከባሕሩ በላይ አየር ላይ ቆሟል። ከመስኮቱ ጀርባ አንድ ጥላ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ገበታ እንደሚያሰናዳ ሰው።

ደስ አላት። አስፈሪውም ነገር ይኸው ነበር፤ ደስ አላት። እግሯ እንደ ደከመ፣ እንደ ራባት፣ እዚያ ብትገባ "ግቢ፣ ተቀመጪ" እንደሚሏት ተሰማት። አንድ እግሯን የአጥሩ አግዳሚ ላይ እንዳሳረፈች የታወቃት ዘግይቶ ነው። ያስቆማት የእንጨቱ ቅዝቃዜ ነበር፤ የታመሙት ጣቶቿ አጥሩን ጨብጠው ቁርጥማቱ እስከ ክርኗ ወጋት። ያኔ ባነነች።

"ዊልፍ" አለች፣ "እማዬ ዛሬ ቁርስ እዚህ አይደለም ብላለች። ሎሬን ጋ ነው። እንድጠራህ ነው የላከችኝ።"

ሽማግሌው አመነቱ። አንዴ መስኮቱን አዩ፣ አንዴ እሷን።

"በሩን እኮ ከፍተውልናል።"

"ይዝጉት። ብርድ ይገባል። ና፣ እጅህን ስጠኝ፤ እማዬን ታውቃታለህ፣ ከዘገየን ጆሯችንን ነው የምትጎትተው።"

ይህ አሳቃቸው። እንደ ልጅ ትከሻቸውን ሰብቀው ሳቁና እጃቸውን ዘረጉላት። እጃቸው በረዶ ነበር። አጥሩን አሻገረቻቸው፤ ሹራቧን አልብሳ፣ ብስክሌቷን እዚያው ትታ፣ በክንዷ ደግፋ ወሰደቻቸው። ወደ ኋላ አላየችም። ሽታው ግን እስከ መገንጠያው ተከተላቸው።

ሎሬን በመኪና እየፈለገች መንገድ ላይ አገኘቻቸው። "አባዬ! ምን ጉድ አመጣህብኝ!" እያለች አለቀሰች፤ እያለቀሰችም ተቆጣች። እሳቸው ግን ቤት ገብተው እግራቸው በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ "ኔሊ ሻይ አልጠጣችም" ይሉ ነበር። ቤሪል ሻዩን ተቀብላ ስኒውን በሁለት እጇ አቅፋ ጠጣች።

ጉሙ ከተገፈፈ በኋላ ሁለቱ ሴቶች የቤሪልን ብስክሌት ሊያመጡ ሄዱ፤ ቤሪልም መንገድ ላይ መብራት ስላየችበት መስኮት ነገረቻት። ፀሐይ ወጥቶ ባሕሩ ከታች ያብረቀርቃል። የቤሪል ብስክሌት እንደነበረ አለ። ሌላው ደግሞ አጠገቡ።

"ይሄ የማን ነው?" አለች ሎሬን። "እኛ ቤት ብስክሌት የለም።"

ቤሪል ጎንበስ ብላ አየችው። ጎማ አልነበረውም፤ ባዶ ብረት ነው። ካቴናው በዝገት ተጣብቆ አንድ ድፍን ነገር ሆኗል። ፔዳሉን በእግሯ ገፋችው፤ ንቅንቅ አላለም። በቸርኬው ሽቦዎች መካከል የባሕር አረም ደርቆ ተጠላልፏል።

"ባሕሩ ከዳርቻው የተፋው ይሆናል። አባዬ አግኝቶ እየገፋ ነው ያመጣው" አለች ሎሬን።

"ሲነዳው አይቻለሁ።"

"በዚያ ጉም?"

"ጉልበቱ ከፍ ዝቅ ሲል አይቻለሁ፣ ሎሬን።"

"ያየሽው መብራት ደግሞ የሸርጣን አጥማጆች ጀልባ ነው" አለች ሎሬን፤ ግን ብረቱን ለመንካት እጇን ዘርግታ መልሳ ሰበሰበችው። ሁለቱም በእጃቸው አልነኩትም። እዚያው ትተውት ሄዱ። ብርዱ ሲገባ ገደሉ አጥሩንም ብስክሌቱንም ይዞ ወረደ። ዊልፍ ሜድፎርዝም በዚያው ሰሞን አልጋቸው ላይ፣ እንቅልፍ ላይ እንዳሉ፣ በሰላም አረፉ።

ቤሪል ዛሬም ጧት ጧት ትነዳለች። ጉም ያለ ዕለት ግን ብስክሌቷን አታወጣም። ሎሬን አንድ ቀን "ገደሉን ፈርተሽ ነው?" ብላ ጠየቀቻት።

"ገደሉንስ አውቀዋለሁ" አለች ቤሪል። "የፈራሁት እንደገና ቢጠሩኝ እሄዳለሁ ብዬ ነው።"

ሎሬንም "እንግዲያው ጉም በሆነ ቁጥር እኛ ጋ ነይ፤ ቁርስ አብረን እንበላለን" አለቻት። ቤሪልም ትሄዳለች፤ በእግሯ፣ የመንገድ ዳሩን ግድግዳ ተጠግታ።