የተደፈነው ክፍል

የመውለጃዬ ቀን ሲቃረብ ባለቤቴ መኝታ ቤታችንን ማደስ ጀመረ። ሆሳዕና ላይ የሠራናት ቤት ግድግዳዋ ጭቃ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒስ አልነበራትም። ፀሐይ ስትወጣ ውስጧ እንደ ምጣድ ይግላል። ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ ሙቀቱ በቆርቆሮው በኩል ወጥቶ ያልቅና ጠዋት ስንነሳ ትንፋሻችን ይታያል። ግድግዳውና ጣሪያው በሚገናኙበት በኩል እጅ የሚያስገባ ክፍተት አለ፤ ክረምት ላይ ንፋሱ በዚያ ገብቶ መጋረጃውን ያወዛውዘዋል። ዝናብ ሲጥል እኔና እሱ የምናወራው እየተጯጯህን ነበር።

«ልጄን እዚህ ብርድ ውስጥ አላስገባም» አለ። አናጢ አምጥቶ ክፍሉን በቺፑድ ኮርኒስ አሠራው። ከእንጨት መሰንጠቂያ ቤት ሰጋቱራ አስመጥቶ በማዳበሪያ ከረጢት እየሞላ ከኮርኒሱ በላይ ደረደረ። ክፍተቱን ጭድ በተቀላቀለበት ጭቃ ደፈነው። የብረት መስኮታችን በደንብ አይገጥምም ነበርና ዙሪያውን ከአሮጌ ፍራሽ በተቆረጠ ስፖንጅ ጠቀጠቀው፤ በላዩም ወፍራም ፕላስቲክ ወጥሮ ዳር ዳሩን በሚስማር መታው። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል አልጋ ላይ ተቀምጠን በሹክሹክታ አወራን። በዝናብ ድምፅ ውስጥ ሹክሹክታ ሲሰማ ያን ቀን ገና ማየቴ ነበር።

ወንድ ልጅ ተገላገልኩ። እናቴ ልታርሰኝ ከአንጋጫ መጣች። ቡላና ቅቤ ተሸክማ፣ ጫማዋ ጭቃ ጠግቦ። እናቴ ከምባታ፣ ባለቤቴ ሀዲያ ስለሆኑ ሁለቱ የሚግባቡት በአማርኛ ነው። የእናቴ አማርኛ አጭር ነው፤ ስትቆጣ ጭራሽ ያጥራል። ክፍሉ ውስጥ እንደገባች ቀና ብላ ኮርኒሱን አየችና ወደ መስኮቱ ሄዳ ፕላስቲኩን በጣቷ ጫን ጫን አደረገችው።

«ይሄ አይከፈትም?»

«ክረምቱ እስኪወጣ ነው እማማ» አለ ባለቤቴ። «ለእርስዎም ለልጁም ብዬ ነው።»

እናቴ ጭቃ የጠገበ ጫማዋን አውልቃ ሥራ ጀመረች።

ከዚያ በኋላ ፀሐይ የሚባል ነገር ጠፋ። ዝናቡ ቀን ከሌት ወረደ፤ ክፍሉም ቢሆን እየቀዘቀዘ መጣ። አንድ ቀን መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ ዋለ። ባለቤቴ ሥራ ቦታው ነው። ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጀመረ። እኔ ልጁን አቅፌ ብርድ ልብስ ውስጥ ተኝቻለሁ፤ ጥርሴ ይንገጫገጫል።

«እማዬ፣ በረደኝ» አልኳት።

በረንዳው ላይ ከሰል አያያዘች። ጭሱ ወጥቶ እስኪያልቅ፣ ፍሙ እስኪቀላ ድረስ እዚያው አቆየችው። ከዚያ ማንደጃውን በጨርቅ ይዛ አስገባችና አልጋዬ አጠገብ አስቀመጠችው። «አይዞሽ፣ ጭስ የለውም» አለችኝ በእኛ ቋንቋ። ሁላችንም የምናውቀው እንዲህ ነው፤ ጭስ ከሌለው አይጎዳም። በሩን ዘጋች። ከሥር የሚገባውን ንፋስ ለማገድ ጋቢዋን አጥፋ በሩ ግርጌ ጎዘጎዘችው፤ በርጩማዋን አምጥታም ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ተቀመጠች። ክፍሉ ሞቀ። የልጄ እጅ ሞቀ። ደስ አለኝና ዓይኔን ጨፈንኩ።

ስነቃ ጭንቅላቴን በመዶሻ እንደሚመታ ይፈልጠኛል። መጀመሪያ ወተቴ መጥቶ ያመመኝ መሰለኝ። ልነሳ ስል ክፍሉ ዞረ፤ አቅለሸለሸኝ። «እማዬ» አልኩ። አልመለሰችም። አገጯ ደረቷ ላይ ወድቋል፤ እጇ ከጉልበቷ ተንሸራቶ ተንጠልጥሏል። እናቴ ቀን ቀን የምትተኛ ሴት አይደለችም።

«እማዬ!»

ልጁን አየሁት። ተኝቷል። ጉንጩን ነካሁት፤ አልተንቀሳቀሰም። እግሩን ቆነጠጥኩት። አፉን ከፈት አድርጎ መልሶ ዘጋ፤ ድምፅ ግን አልነበረውም። ያኔ ምን እንደሆንን ገባኝ። ከሰል አፍኖ ስለገደላቸው ሰዎች በሬዲዮ ሰምቼ አውቃለሁ። እግሬ ግን አይታዘዝም። ልጁን በአንድ እጄ ይዤ ከአልጋው ወረድኩና ተንፏቅቄ በሩ ጋ ደረስኩ። እጀታውን ሳብኩት። በሩ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው፤ የእናቴ ክብደት ሙሉ በሙሉ እሱ ላይ ነው። ትከሻዋን ገፋሁ፤ ንቅንቅ አላለችም። ጮህኩ። ውጭ በረዶው ቆርቆሮውን ይወቅጣል፤ እኛ ውስጥ የሚሰማው ግን ሩቅ እንደሚጥል ዝናብ ነበር። የእኔ ጩኸት ወደ ውጭ እንደማይወጣ ያኔ አወቅሁ።

መስኮቱ ቀረ። ፕላስቲኩን በጥፍሬ ቧጠጥኩት፤ ወፍራም ነው፤ አልቀደድ አለ። ዓይኔ እየጨለመ ነው። ጠረጴዛው ላይ አጥሚት የምናኖርበት የብረት ፔርሙስ ነበር። አነሳሁና ባለኝ አቅም ሁሉ መታሁ። የመጀመሪያው ምት ፕላስቲኩ ላይ ነጥሮ ተመለሰ። ደግሜ መታሁ። መስታወቱ ከፕላስቲኩ ኋላ ሲንኮታኮት ሰማሁ፤ የመስታወቱ ጫፍ ፕላስቲኩን ቀደደው። እጄን በቀዳዳው አስገብቼ ወደ ታች ሳብኩት፤ መዳፌ ተቆረጠ። የበረዶው ንፋስ ፊቴን መታኝ።

የልጄን ፊት ወደ ቀዳዳው አስጠጋሁት። ዝናቡ ግንባሩን አራሰው። «አልቅስ፣ አባቴ፣ አልቅስ» እለዋለሁ። ዝም አለ። ጀርባውን መታ መታ አደረግሁት። ከዚያ ፊቱ ተጨማደደና አለቀሰ፤ ቀጭን፣ የተቆጣ ለቅሶ። እኔም በቀዳዳው ጮህኩ።

ጎረቤታችን ባለ ሱቅ ናት። መስታወቱ ሲሰበር ሰምታ ዝናቡን እየሰነጠቀች መጣች። «ያ ረቢ! ምን ሆናችሁ?» አለች። «በሩን ግፊው፣ እናቴ ከኋላው አለች!» አልኳት። በትከሻዋ ገፍታ ከፈተችው፤ እናቴ ከበርጩማዋ ወደ ጎን ወደቀች። ጎረቤቴ ብብቷን ይዛ ወደ በረንዳ ጎተተቻት። ማንደጃውን በእግሯ ገፍታ ግቢው ውስጥ ደፋችው። ባሏን ጠርታ በባጃጁ ሐኪም ቤት አደረሱን።

እናቴን ኦክስጅን አደረጉላት። ስትነቃ በመጀመሪያ ያየችው እኔን ነው፤ ጠረጴዛው፣ አልጋው ዙሪያ ዓይኗን አንከራተተች። «ልጁስ?» አለች። አሳየኋት። ልትነካው እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው።

ባለቤቴ እየሮጠ ገባ። ልጁን አየ፤ እኔን አየ፤ ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። «እማማ፣ በተዘጋ ቤት ከሰል ያስገባሉ?»

«የዘጋው ማነው?» አለች እናቴ።

እሱ ፊቱን ወደ በሩ፣ እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔ በመሃል ተኝቻለሁ። ሁለቱም እኛን ከብርድ ለማዳን የደከሙ ናቸው፤ ሁለቱም ይህን ያውቃሉ፤ ስለዚህም ነው መተያየት ያቃታቸው።

ቤት ስንመለስ እናቴ መኝታ ቤቱ ውስጥ አልገባም አለች። አጥሚቱን በር ላይ ቆማ ታቀብለኛለች። ልጁን በረንዳ ላይ ካልሆነ አትታቀፍም። ባለቤቴ ደግሞ ተናዶ ኮርኒሱን ላፍርሰው ብሎ መሰላል አቆመ።

«አታፈርሰውም» አልኩት። «ሊገድለን የነበረው ኮርኒሱ አይደለም። ሙቀቱ ይኑር፤ አየሩ የሚወጣበት ቦታ ክፈት።»

ከመሰላሉ ወረደ። መስታወቱን አስቀይሮ መስኮቱ የሚከፈትና በደንብ የሚገጥም እንዲሆን በብየዳ አስተካከለው። ከመስኮቱ በላይና ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ቀዳዳ ከፍቶ ወንፊት ሽቦ ገጠመባቸው። ከሰል ዳግመኛ ወደ ውስጥ አልገባም። ሰጋቱራው ሙቀቱን ስለያዘው አንድ ተጨማሪ ብርድ ልብስ በቃን።

እናቴ ግን ይህን ሁሉ ከበረንዳ አይታ ወደ አንጋጫ ተመለሰች። ስደውልላት ስለ ከብቶቿ ታወራለች፤ ስለ ልጁ ሳነሳባት ስልኩን ለመዝጋት ትቸኩላለች።

ልጁ ክርስትና ሲነሳ መጣች። እንግዳ ስለበዛ የምታድርበት ቦታ የኛ ክፍል ብቻ ነበር። እኔ ስጋት ይዞኛል። ባለቤቴ አልጋውን ለቀቀላትና «እማማ፣ እዚህ ያርፋሉ» አላት፤ ቀና ብሎ ሳያያት። እሺ አለች። ልጁን አጥብቼ አጠገቧ አስተኛሁትና እኔ ከእንግዶቹ ጋር አደርኩ።

ጠዋት በሩን ስከፍት ክፍሉ በረዶ ሆኗል። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እናቴ ከነጋቢዋ አልጋው ላይ ተቀምጣለች፤ ልጁ እቅፏ ውስጥ በጨርቅ ላይ ጨርቅ ተጠቅልሎ አፍንጫው ብቻ ይታያል። ባለቤቴ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ። መስኮቱን አየው፤ እሷን አየ። ይዘጋዋል ብዬ ፈራሁ። ሄዶ የራሱን ብርድ ልብስ አመጣና ትከሻዋ ላይ ደረበላት።

«ተባረክ» አለችው። «ተቀመጥ።»

አጠገቧ ተቀመጠ።