የአዴ ሞሚና ግማሽ እንቅልፍ

ሂርና ገበያ ጫት የሚያወርድ ገበሬ አዴ ሞሚናን ሳያገኝ አያልፍም። ከእስሩ መሃል አንዲት ቀንበጥ መዝዛ ታኝካለች፣ ትተፋለች፣ ከዚያ "ይሄ የትናንት ነው፤ ውሃ ረጭተህበታል" ትላለች። ገበሬው ይምላል። እሷ ሁለተኛ ቀንበጥ ትመዛለች። በሠላሳ ዓመት ተሳስታለች ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

እኔና እሷ ጭሮ ውስጥ አንድ ግቢ ነው የምንኖረው። መጀመሪያ "አንቱ" ስላት፣ "ምነው፣ ያለ ዕድሜዬ ልታስረጂኝ ነው? አዴ በይኝ፤ እንደ እናት ማለት ነው" ብላኛለች። ልጇ ሳሊሃ ዓረብ አገር ስለሆነች፣ አምና አዴ ዳገታችንን ሦስት ቦታ እየተቀመጠች መውጣት ስትጀምር ሐኪም ቤት የወሰድኳት እኔ ነኝ። በልጅነቷ የታመመችው ጉሮሮ የልቧን ቫልቭ፣ የደሙን በር፣ አጥብቦት ኖሯል። ደረቷ ግን አይከፈትም ተባልን። ከታፋዋ ሥር በደም ሥር ቀጭን ቱቦ ይገባል፣ ልቧ ሲደርስ ጫፉ ላይ ያለው ፊኛ ተነፍቶ የጠበበውን ያሰፋዋል። ልጄን አዝዬ አዲስ አበባ ይዣት ሄድኩ።

ግራ የገባን እዚያ ነው። የጭሮው ሐኪም "ሳትተኛ ይሠራላታል" ብሎን ነበር። ወረፋ ላይ ያገኘናት ሴት "እኔን ድርግም አድርገው አስተኝተው ነው የሠሩኝ" አለችን። የሰመመን ሐኪሟ ዶክተር ዮሐና ደግሞ ሌላ ነገር ይዛ መጣች።

"ለእርስዎ ቀለል ያለ ሰመመን ነው የምንሰጠው። ያንቀላፋሉ፣ ስንጠራዎት ግን ይሰማሉ፤ የሚተነፍሱትም ራስዎ ነዎት። ሙሉ ሰመመን ከሆነ ጉሮሮዎ ውስጥ ቱቦ ገብቶ ማሽን ይተነፍስልዎታል። እሱ ለእርስዎ ልብ ይከብዳል።"

በኦሮምኛ "ግማሽ እንቅልፍ ነው" ብዬ አዴን አስረዳኋት።

"ግማሽ እንቅልፍ ደግሞ ምንድነው? ሰው ወይ ይተኛል ወይ ይነቃል። ልቤ ውስጥ ፊኛ ሲነፉ ቁጭ ብዬ ላዳምጥ ነው? ሙሉውን ስጪኝ በያት!"

"ሙሉው ለልብሽ ይከብዳል አለችሽ እኮ፣ አዴ።"

"ፍርሃቱስ ለልቤ አይከብድም?"

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ልብን ከነአራት ክፍሏ ሥዬ ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ። ስለ ግማሽ እንቅልፍ ግን ደብተሬ ላይ ምንም አልነበረም።

ዮሐና ቅጽ መሙላት ጀመረች። "ሲጋራ? መጠጥ? ጫት?"

"አልቅምም" አለች አዴ።

"አትቅምም፤ እኔ ምስክር ነኝ" አልኩ።

ሁለታችንም አልዋሸንም። እኛ ጋ ቃሚ የሚባለው ምሳ በልቶ፣ ፍራሽ አንጥፎ፣ ኮዳ ውሃውን አጠገቡ አድርጎ እስከ ማታ የሚቀመጥ ሰው ነው። አዴ አንድም ቀን ለጫት ተቀምጣ አታውቅም።

በማግስቱ ጠዋት አስገቧት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ዮሐና ጭምብሏን ወደ አገጯ አውርዳ ወጣች።

"መድኃኒቱን ሰጥቻት ዓይኗ አልከደን አለ። ልቧ ይሮጣል። ብጨምርላት ትንፋሿ ይደክማል፤ ልቧ እንዲህ እየሮጠ ሙሉ ሰመመን መስጠት ደግሞ ያስፈራኛል። ትናንት ምን ወስዳ ነበር?"

"ምንም! አልጋ ከያዝንበት ቤት በታች ያለው ጫት ሻጭ የሂርና ልጅ ነው። 'አዴ፣ ነይ እስቲ ፍረጂልኝ' ብሏት እስኪመሽ እየቀመሰችለት ነበር እንጂ..." አልኩ።

"ስንት እስር?"

"ሃያ ይሆናል።"

"ቤቷ ስትሆንስ?"

"እዚያማ ከዚህም ይበዛል። ሥራዋ ነው እኮ።"

ዮሐና ቅጹን አውጥታ ከ'ጫት' ጎን የጻፈችውን ሰረዘች። ከዚያ "ዛሬ አይሠራላትም" አለች። "አንድ ሳምንት ቅጠል የሚባል አፏ እንዳይገባ። ያኔ በቀለል ያለው ሰመመን እንሞክራለን።"

ያን ሳምንት ቅጠሉ ሲቀርባት አዴ ቀን ከሌሊት ተኛች። ስትነቃ ትነጫነጫለች፣ ተነጫንጫ ትተኛለች። አልጋው ላይ የልጄን ጥግ ሳይቀር ቀማቻት። "ሙሉ እንቅልፍ ስትይ ነበር፤ ይኸው" ስላት ትራሷን ወረወረችብኝ።

በስምንተኛው ቀን ተሠራላት። ስትወጣ የፊቷ ወዝ ተመልሶ ነበር።

"ተኝተሽ ነበር?"

"እንጃ። ዮሐና ስትጠራኝ አቤት ብያለሁ። እጄን ይዛኝ ነበር። ሳሊሃ ደግሞ እግሬ ሥር ተቀምጣ ነበር።"

"ሳሊሃ ዓረብ አገር ናት እኮ፣ አዴ።"

"እሱንማ አውቃለሁ። ግራ የገባኝ እሱ ነው።"

እኔም እስካሁን ግራ እንደገባኝ ነው። ዳገቱን ግን አሁን አንዴም ሳትቀመጥ ትወጣለች።

ቅጠል ግን ለመቅመስም ተከልክላለች። ሂርና በተመለሰች ቀን ኦብሳ የሚባል ገበሬ እስሩን ዘረጋላት። አሸተተች፣ ቀንበጡን በጣቷ ሰበረች፣ ወደ ፀሐይ አንስታ አየችው። "የዛሬ ነው" አለች። የትናንት ነበር። ገበያው በሙሉ ሳቀባት።

በማግስቱ እኔም ተከትያት ሄድኩ። ኦብሳ እየሳቀ አንዲት ቀንበጥ አፏ ድረስ አቀረበላት። እጁን ወደዚያ ገፋ አድርጋ ሌላ ቀንበጥ መዘዘችና ጆሮዋ ሥር ቀጭ አድርጋ ሰበረችው።

"ዝም በል" አለችው። "ድምፁን ልስማበት።"