ጋሽ ከድርና የዴራው ዳገት

የአሰላው የመኪና ኤሌትሪክ ባለሙያ ጋሽ ከድር ገመቹ፣ የአዲስ አበባ ታክሲዎች ሥራ ባቆሙበት በዚህ የካቲት አርፈዋል። ከመስጊድ ሰግደው እንደተመለሱ ደክሟቸው ደጃፋቸው ላይ ተቀመጡ፤ የጠየቁት ውሃ እስኪመጣ እንኳ አልቆዩም። እኔ ሾፌር ነኝ፤ ያን ዕለት ተሳፋሪ ይዤ ሁሩታ ነበርኩ። ማምሻውን አሰላ ስገባ የመናኸሪያው ጭነት አውራጅ ወደ መስኮቴ ቀረበና «ጋሽ ከድርን ቀበርናቸው» አለኝ። «እሺ» አልኩት። ተሳፋሪዎቹን አወረድኩ፤ መኪናዋን አጠብኩ፤ ከዚያ ለቅሶ ቤት ሄጄ ተቀመጥኩ። ሰው ሲያለቅስ አያለሁ፤ ድምፁ ግን ከሩቅ እንደሚመጣ ነበር። እስካሁንም እንደዚያው ነኝ። ይህንን የምጽፈው እሳቸውን ለምታውቁ ሁሉ፣ ያየሁትን ያህል ብቻ ነው።

ጋሽ ከድር ቀጭን፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ፤ አማርኛውን ከኦሮምኛው ጋር እያዋሃዱ። የተበላሸ መኪና ሲመጣላቸው መፍቻ አያነሡም፤ መጀመሪያ ሾፌሩን ያስቀምጡና ይጠይቁታል። ሲሞቅ ነው? ሲዘንብ ነው? ከመጥፋቷ በፊት ታስላለች?

አንድ ክረምት፣ እርሻው ላይ ትራክተር ገብቶ ከመሬታቸው የተነሡ ጭሰኞች ልጆቻቸውን ይዘው ከተማ ገቡ። ጋሽ ከድር የደንበኞቻቸውን መኪናዎች እየገፉ ደጅ አወጡና ሰዎቹን ጋራዡ ውስጥ አስገቧቸው። አንዱ ደንበኛ ተቆጣ። «መኪናህ ቢርስ አደርቀዋለሁ፤ ሕፃን ቢታመም ግን ምን አውቃለሁ?» አሉት። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሙሚና ያን ክረምት የማያውቋቸውን ልጆች ሲመግቡ ከረሙ።

እኔ በዚያን ጊዜ የአንድ ነጋዴ አሮጌ መኪና እነዳ ነበር፤ ከዴራ አሰላ። ከዴራ ተነሥታ ዳገቱን ስትይዝ ሞተሯ ድርግም ይላል። ጥቂት ካረፈች ምንም እንዳልነበረባት ትነሣለች። ነጋዴው ለሌላ ሰው ተገዝቼ ሆን ብዬ የማቆማት መሰለው። ባለቤቴ እርጉዝ ነበረች። «ነገ ፖሊስ ጣቢያ እንገናኛለን» ሲለኝ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝና ወደ ጋሽ ከድር ሮጥኩ። ነጋዴውም ተከትሎኝ መጣ።

ጋራዡ ውስጥ መኪናዋ እንደ አዲስ ሠራች።

«ይኸው! አላልኩም?» አለ ነጋዴው።

ጋሽ ከድር እጃቸውን ጠራረጉ። «በሽታዋ እዚህ የለም፤ ዳገቱ ላይ ነው ያለው። እዚያው ሄደን እንፈልገው። እርስዎም አብረውን ይምጡ» አሉት።

ዴራ ወርደን ስንመለስ፣ ከዳገቱ አጋማሽ ላይ እንደለመደችው ቆመች። ነጋዴው እኔን አየኝ። ጋሽ ከድር ግን «ማንም እንዳይነካ» ብለው ወረዱ። ኮፈኑን ከፍተው የአንዱን ካንዴላ ሽቦ ነቀሉና ጫፉን ወደ ሞተሩ ብረት አስጠጉ። «ቁልፉን አዙር» አሉኝ። አዞርኩ። ብልጭታ የለም። ከዚያ ለካንዴላዎቹ እሳት የምትልከውን ቦቢና በጣታቸው ነኩና ፈጥነው እጃቸውን ሰበሰቡ። ግላለች። ያንገታቸውን ሻሽ አውልቀው ውሃ አርከፈከፉበትና ጠቀለሉባት። እስክትበርድ መንገዱ ዳር ቁጭ አልን።

«አሁን አዙር።»

ሰማያዊ ብልጭታ ከሽቦው ጫፍ ወደ ብረቱ ዘለለ።

«ቦቢናዋ አርጅታለች» አሉ ጋሽ ከድር። «ስትበርድ ትሠራለች፤ ስትግል እሳት መስጠቱን ትተዋለች። ልጁ ምንም አላጠፋም።»

ነጋዴው አንገቱን ደፋ። «በድያለሁ፣ ጋሽ ከድር» አለ።

«ለእኔ ምን ያደርግልኛል? የተበደለው እሱ ነው፤ እዚያ ቆሟል።»

ነጋዴው መጥቶ ይቅርታ ጠየቀኝ። ጋሽ ከድርም «ኮቱ፣ ና፣ ግባና ንዳ» ብለው መሪው ላይ አስቀመጡኝ። በማግስቱ ቦቢናዋን ቀየሩልኝ። እንጀራዬ ሳይቋረጥ፣ ስሜም ሳይጎድፍ ልጄ ተወለደች።

ጋሽ ከድር፣ ትናንት መቃብርዎ ዘንድ መጥቼ ነበር። እኔ ክርስቲያን ነኝና እዚያ ምን እንደሚባል አላውቅም፤ ወይዘሮ ሙሚናን ጠየቅኳቸው። «በለመድከው አፍ ንገራቸው» አሉኝ። ቆሜ ቆሜ ሳልናገር ተመለስኩ። አሁን ልበለው፦ ሁሉም በጥርጣሬ ባየኝ ቀን አጠገቤ ስለቆሙ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አፈሩ ይቅለልዎ። ደህና ይሁኑ፣ አባቴ።