አራት ሞተሮች ያንኳኩበት ሳምንት

አክስቴ ሥራዋን ስትጠየቅ «ሞተር አለማምዳለሁ» ነው የምትለው። ሰው ይስቃል፤ እሷ ግን የምሯን ነው። ከመገጣጠሚያው የወጣ ሞተር እንደ አዲስ ጫማ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ከተሮጠበት ጉዳት ያመጣል። ስለዚህ መፈተኛ ማቆሚያው ላይ ታሰቅለውና ዘይትና ውሃ ሞልታ፣ መጀመሪያ ያለ ሸክም ቀስ ብሎ እንዲዞር ታደርገዋለች። ፒስተኑና ሲሊንደሩ እየተላመዱ ሲሄዱ ሸክሙን በጥቂት በጥቂቱ ትጨምርበታለች። መለኪያዎቹን ታያቸዋለች እንጂ ብዙም አታምናቸውም። የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ታዳምጣለች። እሷ «ያንኳኳል» ካለች አለቀ፤ መሐንዲስም አይከራከራትም። እኔ እዚያው ፋብሪካ መጋዘን ውስጥ ስለምሠራ በእሷ ዝና ስንት ጊዜ ተኩራርቻለሁ።

ባለፈው ወር በአንድ ሳምንት «ያንኳኳል» ብላ አራት ሞተር መለሰች። አራቱንም የገጠማቸው አንድ ዝምተኛ ሰውዬ ነው። ሦስቱ ተፈቱ፤ አንድም ጉድለት አልተገኘም። አለቃችን ግን የሚያምነው የእሷን ጆሮ ነውና ሰውየው ከሰኞ ጀምሮ ወደ ዕቃ ጫኝነት እንዲዛወር ወሰነ።

አክስቴ ነገር ካልገባት ምግብ አይወርድላትም። «ሦስት ሞተር ተፈቶ እንዴት ምንም ይታጣል?» እያለች ምሳዋን ገፋችው።

«ጆሮሽ አርጅቶ ይሆናላ!» አልኳት፤ ነገር መቆስቆስ እወዳለሁ።

«ያረጀ ጆሮ መስማት ያቆማል እንጂ አዲስ ድምፅ አይፈጥርም» አለችኝ።

ዓርብ ከሰዓት አራተኛው ሞተር ከመፈታቱ በፊት ካሏት ሁለት ማቆሚያዎች ሁለተኛው ላይ አሰቀለችው። የሰውየው ሞተሮች ሁልጊዜ የሚፈተኑት አንደኛው ላይ ነበር። አስነሳችውና አዳመጠች፤ ደግማ አዳመጠች። ከዚያ ካቻቢቴውን ለእኔ ሰጠችኝ። ምንም አያንኳኳም። ወደ አንደኛው ሄዳ ተንበርክካ በባትሪ ሥሩን አየች። ንዝረት እንዲይዝ የተደረገው ጎማ አልቆ፣ ብረት ብረትን ይመታ ነበር። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይሏል ይሄ ነው! አሥራ አንድ ዓመት ሞተር ስትፈትን፣ ማቆሚያውን የፈተነው ሰው የለም። ሳቄ መጣ፤ ፊቷን ሳይ ግን ዋጥኩት።

«ጎማውን ቀይሪና ዝም በይ፤ ሞተሩ በራሱ ተሻለው ይባላል» አልኳት። ለስሟ ሳስቼ ነው፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

«ሰውየውስ?» አለችና ቀጥ ብላ አለቃው ቢሮ ገባች። ስትወጣ ዝውውሩ ተሰርዟል። ሰውየው ዕቃውን እየሰበሰበ ነበር።

«ወንድሜ፣ ሞተሮችህ ደህና ናቸው። ያንኳኳው የእኔ ማቆሚያ ነው። ይቅር በለኝ» አለችው።

ሰውየው የያዘውን ዕቃ መልሶ አስቀመጠ።

«እትዬ፣ እኔ እኮ አምኜሽ ነበር» አላት። «እጄን ማመን አቅቶኝ፣ በዚህ ሳምንት የልጄን አልጋ ብሎን ሦስቴ ፈትቼ አሰርኩት።»