ከቪዲዮው የቆረጥኩት

ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት የማይችል ሰው አራዳ መወለድ አልነበረበትም። እኔ ግን ተወለድኩ። ምላሴ ይያዛል። «ወ» ላይ ይያዛል፣ «መ» ላይ ይያዛል፣ የራሴ ስም የሚጀምርበት ፊደል ላይማ አይነሣ። ስለዚህ ታክሲ ስሳፈር ሌላ ሰው ወራጅ እስኪል አድፍጬ እጠብቃለሁ። ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ማንም የማይወርድ ከሆነ ጉዴ ፈላ፤ ፖስታ ቤት ድረስ ቁልቁል ተወስጄ ዳገቱን በእግሬ እመለሳለሁ። ወያላው አንዳንዴ «ምነው እህት፣ እንቅልፍ ወሰደሽ እንዴ?» ይለኛል። በሆዴ የማወርድበትን ስድብ ቢሰማ ታክሲውን ጥሎ ይጠፋ ነበር።

የሚያናድደኝም ይሄው ነው። በሆዴ ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ፈጣን ነኝ። እኛ ሰፈር፣ ዶሮ ማነቂያ፣ ሰው የሚመዘነው በመልሱ ነው፤ አንዱ ሲተርብህ ወዲያው መመለስ አለብህ፣ አለዚያ ፋራ ነህ። እኔ መልሱ አለኝ፤ ያውም የሚያቃጥል። ግን የመጀመሪያው ፊደል ላይ ስታገል ተራቢው ሳቁን ጨርሶ፣ ሌላ ሰው ተርቦ፣ ወደ ቤቱ ገብቷል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። የኔ ችግር አለመውጣቱ ነው።

እናቴ ከወሎ የመጣች ሴት ናት፤ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ክር፣ ዚፕና ቁልፍ ትሸጣለች። ለምላሴ ያልሞከረችው የለም። ሼኽ ዘንድ ወስዳ ቁርአን አስቀርታልኛለች። ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን እማማ ደግሞ «እስቲ ሱቅ ልላካት» ብለው ከእናቴ ወስደው ጠበል አስጠምቀውኛል። እናቴ ስትሰማ ትጣላቸዋለች ብዬ ስጠብቅ፣ «ታዲያ ለውጥ አለው?» ብላ ነው የጠየቀቻቸው። ለውጥ አልነበረውም። ሁለቱም ቁጭ ብለው አዘኑልኝ፤ እኔ ደግሞ ከመታዘን ሞት ይሻለኛል።

ስለዚህ ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ብዬ አደግኩ። ትምህርት ቤት አስተማሪዎቼ «ጨዋ ልጅ» ይሉኝ ነበር። ምን ጨዋ ነኝ፣ ፈሪ ነኝ እንጂ። ስም ሲጠራ እጄን አወጣለሁ፣ ጥያቄ ሲመጣ ጫማዬን አስራለሁ፣ የቡድን ሥራ ሲሰጥ ጽሑፉን በሙሉ እኔ እሠራና ማቅረቡን ለሌላ እተዋለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ኮሌጅ ደረስኩ። ፒያሳ ካሉት የግል ኮሌጆች በአንዱ ማርኬቲንግ ተመዘገብኩ። የቅዳሜና እሑድ ተማሪ ስለሆንኩ ማንም ከማንም ጋር ብዙ አይተዋወቅም። ደስ አለኝ። መሸጥና መለፍለፍ የሚጠይቅ ትምህርት ለምን መረጥሽ የሚለኝ ካለ፣ እናቴን ሱቋ ውስጥ ስትሸጥ ሳያት ነው ያደግኩት፤ ከዚህ ሌላ የማውቀው ነገር የለም።

በዚያ ዓመት አንዲት ጠንቃቃ መምህር መጡልን። ክፍሉ ሰው ሞልቶበት ሁሉም ቆሞ ሥራውን ያቅርብ ቢባል ሴሚስተሩ አይበቃም። «እንግዲህ እያንዳንዳችሁ በቪዲዮ አስረዱና ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ልቀቁት» አሉ። ሌላው ተማሪ አጉረመረመ። እኔ ግን ወንበሩ ላይ ተጣብቄ ቀረሁ፤ መጀመሪያ ፈራሁ፣ ቀጥሎ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ቪዲዮ እኮ ይቆረጣል።

ስልኬን የክር ካርቶን ላይ አስደግፌ ቀረጽኩ። መጀመሪያ ላይ «ማ... ማ... ማ...» እያልኩ ፊቴ ሲጣመም፣ ዓይኔ ሲጨፈን አየሁት። መንተባተቤን ሰምቼው እንጂ አይቼው አላውቅም ነበር። ስልኩን ወርውሬ አለቀስኩ። ከዚያ አንስቼ የቪዲዮ መቁረጫ አፕ ጫንኩ። አፑ ድምፅን በመስመር ያሳያል፤ የተያዝኩበት ቦታ ክር ሲቋጠር እንደሚመስለው ትብትብ ብሎ ይታያል። ቋጠሮውን ቆርጬ ግራና ቀኙን ገጠምኩት። ምስሉ የሚዘልበት ላይ የዚፕና የቁልፍ ፎቶ ደረብኩበት። ሲያልቅ ስከፍተው አንዲት ልጅ አፏ እንደ ውሃ ይፈሳል። ያቺ ልጅ እኔ ነበርኩ፤ ድምፁ ድምፄ፣ ሐሳቡ ሐሳቤ። እናቴን ጠርቼ አሳየኋት። «ያ ረቢ» አለችና ሻሿን አፏ ላይ ያዘች።

ሰው ስልክ ያደነዝዛል ሲል እሰማለሁ። እኔ ግን በዕድሜዬ ከተማርኩት ሁሉ ይበልጥ የገባኝ በዚያ ስልክ ላይ የተማርኩት ነው። አንዷን ዓረፍተ ነገር ለማስተካከል ደጋግሜ ስለምሰማት ትርጉሟ አጥንቴ ውስጥ ይገባል። የማይረባ ሐሳብ ስሰማ ራሴን እታዘበዋለሁ፤ እቆርጠዋለሁ። ገበያ ማለት ምን እንደሆነ፣ ደንበኛ ለምን እንደሚመለስ፣ እናቴ ሳታውቀው የምትሠራውን ሥራ ስሙ ምን እንደሆነ፣ ሁሉንም እየቆረጥኩ ነው ያወቅኩት። መምህሯ በድምፅ መልእክት «ጎበዝ! እንዲህ ነው ማስረዳት!» ብለው ግሩፑ ላይ ላኩልኝ። አንዱ ተማሪ «ሬዲዮ ላይ መሥራት አለብሽ» ብሎ ጻፈ። ስልኩን ደረቴ ላይ አድርጌ ሳቅኩ።

ደስታው ግን አላደረም። ሙገሳው በበዛ ቁጥር ፍርሃቴም በዛ። ቪዲዮዋን የወደዱላት ልጅ መንገድ ላይ ብታገኟት «ሰ... ሰ... ሰላም» የምትል ናት፤ ይሄን ቢሰሙስ? የክፍሌ ልጆች ማኪያቶ የሚጠጡበት ካፌ ፊት ለፊት ማለፍ ተውኩ፤ በጓሮ መንገድ ዞሬ እገባለሁ። ክፍል የምደርሰው ትምህርት ሲጀመር ነው፤ የምወጣው ከሁሉ ቀድሜ ነው። ያልተቆረጠውንም ቪዲዮ ሥራው እንደተላከ ወዲያው አጠፋለሁ። ማታ ማታ ሰው ስልኬን ከፍቶ ያን ሲሰማ በሕልሜ እያየሁ እባንናለሁ። እናቴ «ምን ሠርተሽ ነው እንደ ሌባ የምትደነግጪው?» ትለኛለች።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። የመጨረሻውን ሥራ ልከን እንደጨረስን መምህሯ ክፍል ገብተው ቦርሳቸውን ጠረጴዛው ላይ በኃይል አስቀመጡ። «ከመካከላችሁ በኤአይ፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ድምፅ አሠርታችሁ የላካችሁልኝ አላችሁ። ደርሼባቸዋለሁ» አሉ። «በሚቀጥለው ሳምንት እያንዳንዱ ሰው እዚህ ቆሞ ስለላከው ቪዲዮ በአፉ ያስረዳኛል። አፉና ቪዲዮው ካልተገናኙ ኤፍ ነው።» ኤአይ አልነካሁም፤ በአላህ ስም አልነካሁም። ግን የኔ አፍና የኔ ቪዲዮ መቼም እንደማይገናኙ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

እንደዚያ ያለ ሳምንት ዳግም አይምጣብኝ። እናቴ ነገሩን ስትሰማ «ቀድመሽ ንገሪያቸው፤ ሰው ናቸው አይደል?» አለች። «ም... ም... ምን ብዬ?» አልኳት። «ጻፊላቸዋ! በስልክሽ ሙሉ ቀን የምትጽፊው ምንድነው?» እውነቷን ነው። ለመምህሯ ቴሌግራም ላይ ጻፍኩ፦ ምላሴ ይያዛል፣ ቪዲዮውን የቆረጥኩት ለዚህ ነው። ላኪ የሚለውን ግን መጫን አቃተኝ። ያን ከላክሁ ያቺ አፏ እንደ ውሃ የሚፈሰው ልጅ ሞተች ማለት ነው፤ በምትኳ የምትመጣው የምታሳዝነዋ ናት። አጠፋሁት። እንደገና ጻፍኩ፣ እንደገና አጠፋሁት። አንድ ነገር ብቻ አላጠፋሁም፤ የመጨረሻውን ሥራ ያልተቆረጠ ቪዲዮ። ለምን እንደተውኩት አላውቅም፤ ፍርሃቱ እጄን ይዞት ይሆናል።

ቀኑ ደረሰ። ስሜ ሲጠራ ወንበር ወንበሩን እየያዝኩ ወደፊት ወጣሁ። ልጆቹ በጉጉት ነበር የሚያዩኝ፤ የቪዲዮዋ ልጅ ልትናገር ነው። መምህሯ ፈገግ ብለው «እሺ የኔ ጎበዝ፣ ደንበኛ ማለት ምን ማለት ነው ብለሽ ነበር?» አሉኝ። አፌን ከፈትኩ። መልሱ ጥርሴ ሥር ተሰልፎ ቆሟል፤ አንዱም አይወጣም። ዝምታዬ ሲረዝም ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጠው ልጅ «ቲቸር፣ ይቺ ራሷ ኤአይ ናት፤ ኔትወርክ ጠፍቶባት ነው!» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። በሌላ ቀን ተረቡን እኔም አደንቅለት ነበር።

የመምህሯ ፈገግታ ጠፋ። ቪዲዮዬን በፕሮጀክተሩ ከፈቱት፤ ያቺ ልጅ ግድግዳው ላይ ሆና ትንበለበላለች፣ እኔ ከሥሯ ውሃ ሆኜ ቆሜያለሁ። «ይሄ ድምፅ የማን ነው?» አሉኝ። እጄን ደረቴ ላይ አደረግኩ። «እንግዲያው ተናገሪዋ።» ያኔ ስልኬን አወጣሁ። ያልተቆረጠውን ቪዲዮ ከፍቼ ሰጠኋቸው። ስፒከሩ ላይ አገናኙት። «ደንበኛ ማ... ማ... ማ...» ክፍሉን ሞላው። ስንት ወር ስቆርጥ፣ ስቀብር፣ ሳጠፋ የኖርኩት ነገር በዚያ ትልቅ ስፒከር ወጥቶ ግድግዳ ይመታል። ምን ይዋጠኝ! መሬቱ አልተከፈተልኝም። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቀዝቃዛ ነበር፣ ቶሎ ሞተ።

ያ ተራቢ ልጅ ግን አልተወኝም። «ቲቸር፣ መንተባተቡንም እኮ ኤአይ ይሠራዋል» አለ። አሁን እየቀለደ አልነበረም፤ የምሩን ነው። መምህሯ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «ምን ላድርግሽ ልጄ? ሰሞኑን እኔ ራሴ እውነቱን ከውሸቱ መለየት አቅቶኛል» አሉ። ከልባቸው ነበር። «በቃ፣ ያቺኑ ዓረፍተ ነገር እዚሁ በአፍሽ በይልኝ።»

እዚህ ላይ የመጣብኝን ፍርሃት በሕይወቴ አይቼው አላውቅም። ዕድሜ ልኬን የፈራሁት መንተባተብን ነው። አሁን ግን ባልንተባተብስ? ምላሴ ባለጌ ነው፤ ተያዝ ሲሉት የሚፈታበት ጊዜ አለ። ለብቻዬ ስሆን፣ ስዘፍን፣ ሆን ብዬ በራሴ ሳሾፍ ይፈታል። አሁን ቢፈታ አለቀልኝ፤ አፏ ደህና ነው፣ ዝም ያለችው ስላላወቀችው ነው፣ የመንተባተቡም ቪዲዮ ድራማ ነው ሊሉ ነው። ያ ረቢ፣ ዛሬን ብቻ አስይዘኝ ብዬ ለመንኩ። ለዚያ ምላስ መፈታት የተቀራውን ቁርአን፣ የተረጨውን ጠበል ሁሉ ረስቼ ለመንኩ።

«ደንበኛ ማለት ዕቃ ገዝቶ የሚሄድ ሳይሆን ተመልሶ የሚመጣ ሰው ነው።»

ሰተት ብሎ ወጣ። አንድም ቦታ አልተያዘም። ክፍሉ «ይኸው!» ብሎ ጮኸ። «ትችላለች እኮ! ሙድ እየያዘችብን ነው!» የመምህሯ ፊት ደም መሰለ። «ልጄ፣ እኔ ላይ ነው የምታላግጪው?» አሉና እስክሪብቶአቸውን አንስተው ስሜ ወዳለበት ወረቀት አጎነበሱ። ኤፉን ሊጽፉ ነው። ያ ሁሉ ሥራ፣ ያ ሁሉ መቁረጥ፣ እናቴ ድልድዩ አጠገብ ተቀምጣ ያስተማረችኝ ሁሉ በአንድ ፊደል ሊያልቅ ነው።

ልጮህ ፈለግኩ። «አ...» አልኩ፤ እዚያው ላይ ተያዝኩ። «አ... አ... አ...» አንገቴ ተገተረ፣ ዓይኔ ተጨፈነ፣ መንጋጋዬ ወደ ጎን ሄደ፣ እግሬ መሬቱን መታ። ትንፋሽ አጠረኝ። እንደዚያ ተይዤ አላውቅም። ሳቁ ጠፋ። ከፊት ወንበር «ይቅርታ፣ ይቅርታ ቲቸር፣ ይበቃታል» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ያው ልጅ ነበር። መምህሯ ከወረቀቱ ቀና ብለው እጃቸውን ወደሱ አነሱ፤ ዝም አሰኙት። እስክሪብቶውን አስቀመጡ።

«አ... አልጨረስኩም» አልኩ።

«ጨርሺ» አሉኝ። «ቸኩሎ የሚወጣ ሰው የለም።»

ዓይኔን ገለጥኩ። ሁሉም እኔን እየጠበቀ ነበር። ሳቅ ቢሆን ለምጄዋለሁ፤ ስድብ ቢሆን በሆዴ እመልሰዋለሁ። የሚጠብቀኝ ሰው ፊት ቆሜ ግን አላውቅም፤ ከሁሉ በላይ እሱ አስፈራኝ። ግድግዳውን ተደግፌ፣ እየተያዝኩ፣ እየፈራሁ፣ ሥራዬን ከመጀመሪያው ማስረዳት ጀመርኩ።